ጀልባዋ ስትሰጥም ዕድሜዬን ተናገርኩ

ለማኅበራችን ሴቶች "ደሴት ማየት አምሮኛል" ብዬ ነበር የተመዘገብኩት። ውሸቴን ነው። የሄድኩት አስካለን ከቤቷ ለማውጣት ነው።

አስካለ ጓደኛዬ ናት። ሱዳን ገዳሪፍ በስደት ተገናኘን፣ ተከታትለን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጣን፣ ይኸው አርባ ዓመት ሆነን። አምና በስኖው ጊዜ ጉልበቷ እምቢ አላትና ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ከመሳም በቀር ከአፓርታማዋ አትወጣም። "እኔ ከእንግዲህ አሮጊት ነኝ፣ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው" ትላለች። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ እኔ አልወድም። ሞት እንደሆነ አድራሻ አይጠፋውም፣ ቁጭ ብለው ካልጠበቁት አይቆጣም።

ማኅበሩ በዓመት አንድ ቀን ሽርሽር ይወጣል። ዘንድሮ ኤሪ ሐይቅ እንሂድ፣ ከዚያ በጀልባ ተሻግረን ደሴት ላይ እንዋል ተባለ። አስካለ ውሃ ትፈራለች። ሄድኩና "ኧረ ምን ውሃ አለው፣ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ማለት ነው፣ ማዶ የቆመ ሰው የሸሚዙ ቁልፍ ይታይሻል" አልኳት። አይቼው አላውቅም። ልጇ ዳንኤል ነርስ ነው፣ የእናቱን ደም ግፊት እንደ ባንክ ደብተር በየቀኑ ነው የሚያየው። እሱም አይሆንም አለ። እሱን ደግሞ በር ላይ ያዝኩት። በመጨረሻ "እትዬ ደብሬ፣ ካንቺ ጋር ከሆነ እሺ። ግን አደራ" አለኝ። "እንደወሰድኳት እመልስልሃለሁ፣ ብትጎድል ከኔ ቁረጥ" አልኩት።

ይሄን የጻፍኩት ማኅበርተኞቼ ጻፊው ስላሉኝ ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም ግማሹን እያንቀላፋሁ። የጀልባዋንና የደሴቷን ስም አልናገርም። ነገሩ ገና እየተጣራ ነው፣ እኔም ጠበቃ የለኝም።

ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ክሊንተንቪል

የልጄ ልጅ ሊና ናት ቫኑ ጋ ያደረሰችኝ። "ግራንድማ፣ ሰንስክሪን" ብላ ፊቴን ነጭ በነጭ አደረገችው። ይሄን ፊት ፀሐይ ስትጠብሰው የኖረች ናት፣ አሁን ምን ቀራት ብላ ነው የምትመለስበት? ግን ልጅ ሲያሻሽ ደስ ይላል፣ ፊቴን ሰጠኋት።

አሥራ አንድ ሴት ነን። ሹፌራችን ጋሼ ታደሰ ነው፣ እሱ ወደቡ ላይ ቫኑን ይዞ ሊጠብቀን ነው። የፊቱ ወንበር እንደ ደንቡ ለአስካለ ተሰጠ። በማኅበራችን ትልቋ እሷ ናት፣ ሰባ አራት። ሁሉም "እትዬ አስካለ፣ እርስዎ" ነው የሚላት። በወጣትነቷ የሸበተች ስለሆነች ሽበቷ ራሱ ይመሰክርላታል። እኔ ስልሳ ስድስት ነኝ ስለምል ከኋላ፣ ከሱፍ ፍትፍቱና ከሳምቡሳው ጋር ተጫንኩ። የሰኔ ጾም ነበርና የምስር ሳምቡሳ ብቻ መቶ ያህል ይዘናል። ለአሥራ አንድ ሴት መቶ ሳምቡሳ። ሀበሻ ደሴት ሲሄድ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሃያ ሦስት መንገድ

ሃይ ስትሪትን ይዘን ዎርዝንግተንን አለፍን፣ ከዚያ ሃያ ሦስት ቁጥር መንገድ ላይ ወጣን። ዴላዌር የምትባለውን ከተማ ካለፉ በኋላ አገሩ ሜዳ ነው። ሜዳ ስላችሁ እንደኛ አገር ሜዳ ወዲያ ጋራ፣ ወዲህ ጋራ ያለው አይደለም። ልጥ በመዳመጫ የተዳመጠ ነው የሚመስለው። በቆሎው ገና ጉልበት ላይ አልደረሰም፣ መስመሩ በክር የተለካ ነው። ሰው ግን አይታይም። ይሄን ሁሉ ማን አረመው? አስካለም ከፊት "ሰዎቹ የት ሄደው ነው?" ትላለች። አየሽ፣ በሰባት ወሯ መጠየቅ ጀመረች አልኩ በልቤ።

አንድ ቦታ ላይ ጋሼ ታደሰ መኪናውን አቆመ። መንገድ ዳር ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ እንጆሪ በቅርጫት በቅርጫት ተደርድሯል፤ አንዱ ቅርጫት አምስት ዶላር ይላል። ሻጭ የለም። ክዳኑ የተበሳ ቆርቆሮ አለ፣ ገንዘቡን እዚያ ጨምረሽ መሄድ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ወርደው ቆርቆሮውን እንደ ታቦት ከበቡት። እኔ "ሻጩ ዛፉ ላይ ሆኖ እያየን ይሆናል" ብላቸው ሁለቱ ቀና ብለው አዩ። ሦስት ቅርጫት ወሰድን፣ ሃያ ዶላር ከተትን። መልስ የሚሰጥ ስለሌለ አምስቱን ለሰውየው እምነት መርቀንለት ሄድን።

አራት ሰዓት፣ ወደቡ

ከመኪና ስንወርድ እግራችን ስር ነገሩ ቀጭ ቀጭ አለ። ምድሩ፣ ግድግዳው፣ የመብራት እንጨቱ ሁሉ በነፍሳት ተሸፍኗል። ቁመቱ እንደ ጣት አንጓ፣ ክንፉ እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ነገር ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከሐይቁ ይወጣል፣ አንድ ቀን ኖሮ ይሞታል አሉን። የሱቅ ሰዎች በስኖው አካፋ ነው የሚዝቁት። አይናደፍም፣ አይበላም፣ ዝም ብሎ ሰው ላይ ይቀመጣል። አሥራ አንዳችን ነጭ ለብሰናል፣ ወዲያው ጥልፋም ሆንን።

አስካለ ይሄን ስታይ የዘወትር ወሬዋን ጀመረች። በሕፃንነቷ አገራቸው አንበጣ ወርዶ ነበር። እሷ ጡት እንኳ አልጣለችም፣ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ሰማዩ ጠቁሮ፣ እናቷ በነጠላዋ ሸፍናት እየሮጠች፣ ልጆች ቆርቆሮ እየደበደቡ አንበጣውን ሲያባርሩ። ይሄን የነገረቻት አክስቷ ናት። እናቷ ቶሎ ስለሞተች ከዚህች ታሪክ በቀር ስለ ልደቷ የምታውቀው የለም። ታሪኩን ባወራች ቁጥር የኔ መልስ አንድ ነው፤ "አይ እትዬ፣ እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም።" ሴቶቹ ይስቃሉ። ያን ቀንም ሳቁ።

ከዚያ ሐይቁን አየነው።

ባሕር ነው። ማዶ የሚባል ነገር የለውም። ሰማዩና ውሃው አንድ ላይ ተሰፍተዋል፣ ስፌቱ አይታይም። አስካለ ክንዴን ያዘችና "ደብሬ፣ የሸሚዙ ቁልፍ የታለ?" አለችኝ። "ጉም ሸፍኖት ነው" አልኳት። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን በቀልዴ እኮራ ነበር፤ ያን ቀን ግን እኔም ክንዷን መልሼ ያዝኩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሐይቁ ላይ

ጀልባዋ ባለ ሁለት ፎቅ ናት፣ ነጭ፣ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መቀነት ያለባት። መቶ ያህል ሰው ይሆናል የተሳፈረው። ብስክሌት የያዘ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ። እኛ ለአስካለ ጉልበት ብለን ታች ቤት፣ ከመውረጃው በር አጠገብ ተቀመጥን። መጀመሪያ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቆይታ አንዱን ከፈተች፣ ከዚያ ሁለቱንም። ነፋሱ ነጠላዋን ሲያነሳው አልያዘችውም። ወፎቹ ከጀልባዋ እኩል እየበረሩ ዓይን ዓይናችንን ያዩናል። "ሥራህ ግሩም ነው" አለች ቀስ ብላ። ለኔ አይደለም፣ ለላይኛው ነው። በሰባት ወር ውስጥ ስትደነቅ ያየኋት ያኔ ነው፣ ለዚህስ ብዋሽም ዋሸሁ ብዬ ሳምቡሳ አወጣሁ።

ሳምቡሳውን ሳልገምጠው ከእግራችን ስር አንድ ነገር ጓ አለ። የድስት ክዳን ሲወድቅ እንደሚለው፣ ግን ክዳኑ ቤት የሚያህል። ከዚያ ሞተሩ ዝም አለ። ሞተር ሲጮህ አይሰማሽም፣ ዝም ሲል ነው የሚሰማሽ። ወዲያው ጥቁር ጭስ ከኋላ በኩል ከወለሉ ስር ወጣ፣ የተቃጠለ ዘይትና ጎማ ይሸታል።

ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። ሆቴል ውስጥ ስሠራ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ፣ እንግሊዝኛው ባይገባኝም ድምፁ ይገባኛል። ሰውየው ድምፁን አለስልሶ ነበር፤ እንደዚያ የሚያለሰልስ ሰው መጥፎ ነገር ይዟል ማለት ነው። ታች እሳት አለ፣ ውሃም እየገባ ነው፣ ሁላችሁም ላይፍ ጃኬት ልበሱ፣ እርዳታ ተጠርቷል። ይሄንን ነው ያለው።

ብርቱካናማውን ጃኬት በነጠላ ላይ ለበስነው። የማኅበራችንን ሴቶች ብታዩ የገና ዛፍ መስለናል። እኔ ይሄን ተናግሬ አሳቅኳቸው። ሲስቁ አየሁና ደስ አለኝ፣ ከዚያ ወለሉን አየሁ። የጣልኩት ሳምቡሳ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ሄደ። ጀልባዋ ዘማለች።

አስካለን አየኋት። ሁለት እጇን የብረቱ ምሰሶ ላይ ጠምጥማ "ዳንኤል፣ ዳንኤል" ትላለች። ልጇን እየጠራች ነው። "አደራ" ያለኝ ሰውዬ ስም ነው። 

የመጡት ሰዎች

የመንግሥት ሄሊኮፕተር ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሱም ኋላ መጥቷል። መጀመሪያ የመጡት ግን እነማን መሰሏችሁ? ሐይቁ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ታየ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ፣ ሊዝናኑ የወጡ፣ ቢራቸውን እንደያዙ፣ ሙዚቃቸውን እንኳ ሳያጠፉ። ማንም አላዘዛቸውም። ጭሱን አይተው የጀልባቸውን አፍንጫ ወደኛ አዞሩ፣ በቃ። ሰው ከእሳት ይሸሻል ስንባል አደግን፣ እነዚህ ወደ እሳቱ ነው የመጡት።

ልጅ የያዙትን ከላይኛው ፎቅ በፊት በኩል በጎማ ታንኳ አወረዷቸው። እኛ በነበርንበት በር ደግሞ ትናንሾቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ እየተጠጉ አራት አራት ሰው ይወስዳሉ። በሩ ላይ የቆመችው የጀልባዋ ሠራተኛ ጠና ያለች ሴት ናት፣ ክንዷ የገበሬ ክንድ ነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ተጠጋ። ሸሚዝ የለውም፣ ሆዱ የሰባት ወር ነው፣ ደረቱ ላይ ዘንዶ ተነቅሷል። እኛ ከተማ፣ ሾርት ኖርዝ ሰፈር ባየው ቦርሳዬን አጥብቄ መንገድ እሻገር ነበር። ሴትየዋ ወደኛ ዞራ "ኦልደስት ፈርስት" አለች፤ ትልቅ ሰው ይቅደም።

ሁሉም ወደ አስካለ ዞሩ። "እትዬ፣ ይቅደሙ" አሏት።

አስካለ ምሰሶውን አልለቀቀችም። "ታናሼን ጥዬ አልወርድም" አለች። "ደብሬ ትውረድ፣ እናንተም ውረዱ። እናት ከልጆቿ በፊት ከቤት አትወጣም።"

እኔ አልኳት፣ "ያንቺን አደራ ተሸክሜ እንዴት ልውረድ? አንቺ ሂጂ።" እሷ፣ "በሞቴ አንቺ።" እኔ፣ "እኔ ልሙት አንቺ።" ግብዣ ላይ በር ስር የምናደርገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤት ውስጥ ቢበዛ ወጡ ይቀዘቅዛል። እዚያ ግን ከኋላችን እሳት አለ። የተቀሩት ዘጠኝ ሴቶች ደግሞ ትልቋ ሳይወርዱ እኛ እንዴት ብለው ከኋላዋ ተሰልፈው ቆሙ። አንዷም እግሯን አላነሳች። ውሃው በበሩ ደፍ ገብቶ ጫማችንን ነክቷል። ሠራተኛዋ ትጮሃለች። ዘንዷሙ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ፣ ጀልባው እየተላተመበት፣ "ካም ኦን፣ ማም፣ ካም ኦን" ይላል። በእሷ እምቢታ ሌሎቹም ሊያልቁ ነው።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። ገዳሪፍ ላይ ለአሜሪካ ስንመዘገብ ወጣት ወጣቱን ነው የሚወስዱት የሚል ወሬ ነበር። ዓረብኛ የማውቀው እኔ ነበርኩና ለሁለታችንም ተናገርኩ። ያን ጊዜ እኔ ሠላሳ አራት ነበርኩ፣ አስካለ ዕድሜዋን ባታውቅም በአንበጣው ወሬዋ ስቆጥርላት ሃያ ስድስት። ጸሐፊው የሷን ሽበት ሲያይ አየሁትና አፌ ላይ መጣልኝ። የሷን ሃያ ስድስት ለራሴ ወሰድኩ፣ የኔን ሠላሳ አራት ለሷ ሰጠሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ቀልድ ሆነ። ከዚያ ወረቀት ሆነ። ከዚያ እሷ "ትልቅ ነኝ" ማለት ለመደች፣ እኔም አፈርኩ። እግዚአብሔር ግን ቀጣኝ፤ እሷ ጡረታ ወጥታ እኔ ስምንት ዓመት ትርፍ የሆቴል አልጋ አነጠፍኩ።

"አስካለ፣ ታላቅሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "በስምንት ዓመት እበልጥሻለሁ።"

"በዚህ ሰዓትም ትቀልጃለሽ?" አለች። ሴቶቹም ፊታቸውን አጠቆሩብኝ። አርባ ዓመት ሲቀልዱ ኖረው አንድ ቀን እውነት ሲናገሩ ማን ያምናል? በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ቁምነገረኛ ሴት ሆኜ ብኖር ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

ቀኝ እጄን ዘርግቼ መዳፌን አሳየኋት። ከአውራ ጣቴ ስር እስከ አንጓዬ የሚሄድ ጠባሳ አለኝ። ልጅ ሆኜ መስታወት ነው የቆረጠኝ ብያት ነበር።

"መስታወት አይደለም፣ ቆርቆሮ ነው" አልኳት። "ያው አንበጣ እኛም አገር ወርዶ ሰማዩ ሲጠቁር ቆርቆሮ ይዘን ማሳ ለማሳ ከሮጥነው ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። አንቺ እናትሽ ጀርባ ላይ የነበርሽ ጊዜ እኔ ጥጃ የማግድ ልጅ ነበርኩ። ታላቅሽ ነኝ አስካለ፣ ታላቅሽ አዝዣለሁ። ውረጂ።"

መዳፌን አየችው። ጭሱ እያስለቀሰን፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሆኖ፣ መዳፌን እንደ ደብዳቤ አነበበችው። ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። የዚያን አስተያየት ትርጉም እስከ ማታ አላወቅኩትም። አንድ እጇን ከምሰሶው ላቀቀች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ባለ ዘንዶው ሰውዬ ብብቷ ስር ይዞ እንደ እንቁላል አወረዳት። ጉልበቷን እንዳያጥፍባት በአንድ እጁ እግሯን ደግፎ ጀልባው ላይ አስቀመጣት። ሦስቱ ተከተሏት። ሌላ ጀልባ መጣ፣ አራት ወረዱ።

ሁለቱ የቀሩት ደግሞ ወደኔ ዞሩ። "እማማ ደብሪቱ፣ ይቅደሙ" አሉኝ። አያችሁ፣ በአምስት ደቂቃ እማማ ሆንኩ። "አይሆንም፣ እናንተ" አልኳቸው። ታላቅ ነኝ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከጮህኩ በኋላ እንዴት ልቅደም? ታላቅ ማለት መጀመሪያ የሚጎርስ ነበር የሚመስለኝ።

እነሱም ከሌሎች ጋር ወረዱና እኔና ያቺ ሠራተኛ በሩ ላይ ቀረን። ቀጣዩ ጀልባ እስኪጠጋ ትንሽ ጊዜ ነበር። እዚያች ጊዜ ላይ ምን አየሁ ልበላችሁ? ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ ፀሐይዋ በመሃሉ ቀይ ሆና ታየችኝ። የወደቡ ነፍሳት እስከዚያ ድረስ መጥተው ውሃው ላይ ተነጥፈዋል፣ ክንፋቸው እንደ ብርሌ ስባሪ ያበራል። በዚያ ሁሉ መሃል ትናንሾቹ ጀልባዎች ክብ ሠርተው ከበውናል፣ በያንዳንዱ ላይ የማላውቀው ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ስሜን አያውቁም፣ ሃይማኖቴን አያውቁም፣ እንደዋሸሁ አያውቁም። መፍራት ነበረብኝ። ያንን አይቼ ግን ለመፍራት ጊዜ አላገኘሁም፤ አፌን ከፍቼ ነው የቆምኩት።

ሠራተኛዋ ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። በመቀመጫዬ ተንሸራትቼ ወረድኩ፣ እስከ ወገቤ ውሃ ገባሁ፣ አንድ ጉንጭም ጠጣሁ። ጨው የለውም። ባሕር የሚያህል ውሃ ጨው አጥቶ ሳገኘው፣ እየሰጠምኩም ገረመኝ። አንድ ሽማግሌና ሴት ልጁ ሁለት ክንዴን ይዘው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ጎትተው አወጡኝ። ያቺ ሠራተኛ ተከተለችኝ፣ ካፒቴኑ የመጨረሻው ሆነ፣ እጆቹ ተቃጥለው ነበር።

ጀልባዋ በኋላዋ ቁጭ አለች። አፍንጫዋ ተነሳ፣ ሰማያዊ መቀነቷ ታየ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ሄደች። የኛ ሳምቡሳም አብሮ ሄደ።  የአንዱ ጀልባ ሙዚቃ ያኔ ነው የጠፋው።

ስምንት ሰዓት፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ

አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ውስጥ ብርድ ልብስ አለበሱን። ስም እየጠሩ ቆጠሩን፣ ደግመው ቆጠሩን፣ አንድ ነፍስ አልጎደለም። የከተማው ሴቶች ፒዛና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጡ። እኛ በጾማችን ነን፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖም ተነሣ። እኔ "ዓሣው ሊበላን ነበር፣ ብንበላው ምን አለበት" ብዬ ነበር፣ ግን እኔም አልበላሁም። እንጆሪው ቫኑ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር ጋሼ ታደሰ አመጣልን። እያለቀሰ ነው ያመጣው፣ ወደቡ ላይ ሆኖ ጭሱን ሲያይ ነበርና።

አስካለ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ደም ግፊቷን ለኩላት፣ ከፍ ብሏል ግን ደህና ነው አሉ። አንድ እንጆሪ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝ፣ ግን አላየችኝም። ቀልድ ሞከርኩ፤ ፊቷን አዞረች። ሁለት ሰዓት መንገድ ሙሉ አላናገረችኝም። የፊቱ ወንበር ለኔ ይሁን ሲሉ እኔ እምቢ አልኩ፣ እሷም ከኋላ ገባች፣ ስለዚህ ከጋሼ ታደሰ ጎን ብርድ ልብስ ተቀመጠ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ኮሎምበስ

ዳንኤል ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቆሞ ነበር። ያው ነርስ አይደል፣ መጀመሪያ የያዘው የእጇን አንጓ ነው፣ የልብ ምቷን ቆጠረ። ከዚያ አቀፋት። "ይኸው አደራህ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። አስካለ ከጀርባው "ተዋት" አለች። "የሚነገረኝ አለ።"

ዳንኤል ትንሽ ፈንጠር አለ።

"ደብሬ፣ ያ ሰውዬ ሲያስጠይቀኝ ስንት ዓመቴ ነበር?" አለችኝ።

የትኛው ሰውዬ ብዬ ላስመስል ፈልጌ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ፣ ሲያያት ኮፍያውን የሚያወልቅ ሰው ነበር። ያስጠየቃት በኔ በኩል ነው። እሷ "በአርባ ስምንት ዓመቴ ሙሽራ ብሆን ይሳቅብኛል" አለችኝ፣ እኔ ደግሞ መልሱን በእግሬ ሄጄ አደረስኩ። ጉዳዩን ስስቅበት ነው የኖርኩት።

"አርባ" አልኳት።

"አርባ" አለች። "አርባ ዓመቴ ነበር።"

አፌ ላይ የሚመጣ ነገር ፈለግኩ። እኔ አጥቼ አላውቅም።  "ይቅር በይኝ" አልኳት፣ ያውም በቀጭን ድምፅ።

 ነጠላዋ ላይ አንድ የወደቡ ነፍሳት ደርቆ ተጣብቋል፣ በጣቷ አነሳችው፣ አየችው፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"አሁንስ ስንት ነኝ?" አለችኝ።

"ስልሳ ስድስት።"

"ስልሳ ስድስት።" እንደ ወጥ ጨው ቀመሰችው። "ይቅርታውን አስብበታለሁ። ስምንት ዓመት መልሰሽልኛል፣ ጊዜ አለኝ።"

ብላ ዞረችና ደረጃውን ወጣች። ዳንኤል ሊደግፋት ሲል እጁን መለሰችው። ጉልበቷ ግን ወሬውን ገና አልሰማም፤ ያው እንደ ሰባ አራት ዓመት ጉልበት እየተንቋቋ ነው የወጣው።

እኔም ቤቴ ገባሁ፣ በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አርጅቼ። ሊና አቅፋኝ አልቅሳ ሲበቃት ዜናው ላይ ያየችውን ሁሉ ጠየቀችኝ። ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ዕድሜን የማይረባ ዕቃ አድርጌ ደብቄው ነበር። ያቺ ጀልባ ስትዘም ግን እጄ ላይ የነበረው የሚረባ ነገር እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም ከደበቅኩበት ሳወጣው የሌላ ሰው ዕድሜ አብሮት ወጣ። ስለዚያ ገና ብዙ ሌሊት አስባለሁ። ስለ እነዚያ በጀልባዎቹ ላይ ስለተዘረጉት እጆች ግን አስቤ አልጨርስም፤ ለአንዱም እንኳ ስሙን አልጠየቅኩትም፣ እሱም የኔን አልጠየቀኝም።

ሊና በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ግራንድማ፣ ሃው ኦልድ አር ዩ፣ ሪሊ?" አለችኝ።

"ሰባ አራት" አልኳት። ሁለተኛ ጊዜ ስናገረው ቀለል አለኝ።